ከእይታ ብዛት ባሻገር፦ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅቶች አጫጭር ቪዲዮዎች በምን ይመዘኑ?

መግቢያ

በክረምት ወራት ማኅበራዊ ሚዲያን ለሚከፍት ኢትዮጵያዊ ተመሳሳይ ይዘት ያላቸው አጫጭር ቪዲዮዎች በብዛት ይቀርቡለታል። ችግኝ የያዙ እጆች ይታያሉ፤ አፈሩ ይመለሳል፤ ሙዚቃው ከፍ ይላል፤ ተካዮቹ ፈገግ ብለው ወደ ካሜራው ይመለከታሉ፤ ቪዲዮውም ያበቃል። ጠቅላላው ሠላሳ ሰከንድ አይሞላም። ከዚያ በኋላ በችግኙ ላይ ስለሚደርሰው ነገር፣ ማለትም ስለ መስከረም አረም፣ ስለ በጋው ድርቀትና ስለ ልቅ ግጦሽ የሚናገር ቪዲዮ ግን እምብዛም አይገኝም። የችግኙ ዕጣ መወሰን የሚጀምረው ቪዲዮው በሚያበቃበት ቦታ ነው።

ይህ ክፍተት የአንድ አገር ወይም የአንድ ድርጅት ብቻ አይደለም። በዓለም ዙሪያ የሚገኙ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅቶች መልእክታቸውን ለማድረስ ወደ ቲክቶክ፣ ወደ ኢንስታግራም ሪልስና ወደ ዩቲዩብ ሾርትስ ፊታቸውን አዙረዋል። ሥራቸው ተሳክቷል ወይስ አልተሳካም የሚለውንም በአብዛኛው የሚለኩት መድረኮቹ ራሳቸው በሚያቀርቡት ቁጥር፣ ማለትም በእይታ፣ በ«ላይክ»ና በማጋራት ብዛት ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ይህ መለኪያ ለዓላማው የማይመጥን መሆኑ ነው። የአንድ አጭር ቪዲዮ ዋጋ ሊመዘን የሚገባው በሦስት ጥያቄዎች ነው፦ ጥያቄውን የሚያቀርበው መወሰን ለሚችል አካል ነው? የሚያሳየው ምስል ከችግሩ ትክክለኛ መጠንና መንስኤ ጋር ይመጣጠናል? ድርጅቱስ ከቀረጻው በኋላ ወደዚያው ጉዳይ ተመልሶ ውጤቱን ይነግራል? እነዚህ ጥያቄዎች ያልተመለሱለት ቪዲዮ ሚሊዮኖች ቢያዩትም የተመልካቹን ትኩረት ይወስዳል እንጂ ለአካባቢው የሚተርፍ ነገር አያመጣም።

አጭር ምስል እንደ ዘመቻ መሣሪያ

አጭርና አስደንጋጭ ምስልን ለአካባቢ ጥበቃ ዘመቻ ማዋል ከስማርት ስልክ በፊት የነበረ ስልት ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የተመሠረተው ግሪንፒስ በ1975 አባላቱን በትናንሽ የጎማ ጀልባዎች አሳፍሮ በካሊፎርኒያ ጠረፍ አቅራቢያ ዓሣ ነባሪ ወደሚያድኑ የሶቪየት ኅብረት መርከቦች ላከ። ጀልባዎቹ በአዳኞቹና በታዳኞቹ መካከል ገቡ። ከመርከቡ የተተኮሰው የማደኛ ጦር በአባላቱ ራስ ላይ ሲያልፍ የሚያሳየው ፊልምም በቴሌቪዥን ዜናዎች ተሠራጨ። ከድርጅቱ ቀደምት መሪዎች አንዱ የነበረው ጋዜጠኛ ሮበርት ሀንተር እንዲህ ያለውን ምስል «የአእምሮ ቦምብ» ይለው ነበር፤ በብዙ ሰው ኅሊና ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚፈነዳና ዓለምን የሚመለከትበትን መንገድ የሚለውጥ ምስል ለማለት ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚዘነጋው ከምስሉ በኋላ የተሠራው ሥራ ነው። ዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን ለንግድ የሚካሄደውን አደን ለማገድ የወሰነው በ1982 ሲሆን ውሳኔው ሥራ ላይ የዋለው በ1986 ነው። በፊልሙና በውሳኔው መካከል ሰባት ዓመታት አሉ። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ የተካሄደው የስብሰባ አዳራሽ ክርክር፣ የመንግሥታት ድርድርና የሳይንስ ማስረጃ ማሰባሰብ በካሜራ ፊት የሚማርክ ነገር አልነበረውም። ምስሉ በር ከፈተ እንጂ ውሳኔውን ብቻውን አላመጣም።

የዛሬዎቹ መድረኮች ከዚያ ዘመን ቴሌቪዥን የሚለዩት በርዝመት ብቻ አይደለም። ቲክቶክ በ2018 ሚዩዚካሊ ከተባለው መተግበሪያ ጋር ተዋሕዶ ከተስፋፋ በኋላ ኢንስታግራም በ2020 ሪልስን አቀረበ፤ ዩቲዩብም ሾርትስን በዚያው ዓመት በሕንድ ጀምሮ በ2021 ለዓለም አዳረሰ። በእነዚህ መድረኮች ቪዲዮውን ለተመልካች የሚመርጠው በዋናነት አልጎሪዝም ነው። አልጎሪዝሙ የሚከተለው ተመልካቹ ቪዲዮውን እስከ መጨረሻ ማየቱን፣ ደግሞ ማየቱን፣ አስተያየት መስጠቱንና ለሌላ ማጋራቱን ነው።

ይህ አሠራር ሁለት ገጽታ አለው። በአንድ በኩል ብዙ ተከታይ የሌለው አነስተኛ ማኅበር በአንድ ጥሩ ቪዲዮ አማካኝነት ለብዙ ሺህ ሰው ሊደርስ ይችላል፤ ቀድሞ ይህ ዕድል የቴሌቪዥን ሰዓት መግዛት ለሚችሉ ብቻ የተተወ ነበር። በሌላ በኩል ተመልካቹ ቪዲዮውን ፈልጎ አልመጣም፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሰከንዶች ካልተያዘ በጣቱ ገፍቶት ያልፋል። በመሆኑም ማብራሪያ፣ ጥርጣሬና ቁጥር ወደ ኋላ ሲገፉ ስሜት፣ ፊትና እንቅስቃሴ ወደ ፊት ይመጣሉ። ድርጅቱ ይህን ልማድ ሳያስተውል ከተከተለው የሚናገረው ነገር የሚመረጠው በአካባቢው ችግር ሳይሆን በመድረኩ ጠባይ ይሆናል።

ሦስት ቪዲዮዎች፣ ሦስት ውጤቶች

ከላይ የቀረቡትን ሦስት ጥያቄዎች ለመፈተሽ በሰፊው የታወቁ ሦስት ቪዲዮዎችን ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል። ሦስቱም ከዛሬዎቹ የአጭር ቪዲዮ መድረኮች መስፋፋት በፊት የወጡ በመሆናቸው መጨረሻቸው ምን እንደሆነ ለመናገር የሚያስችል ጊዜ አልፏል።

የመጀመሪያው ግሪንፒስ በማርች 2010 በኔስሌ ኩባንያ ላይ ያወጣው የአንድ ደቂቃ ያህል ቪዲዮ ነው። ቪዲዮው የታወቀውን የ«ኪትካት» ቸኮሌት ማስታወቂያ በማስመሰል ይጀምራል፤ በቢሮ ሥራ የደከመ ሰው ለዕረፍት ቸኮሌቱን ይከፍታል፤ የሚነክሰው ግን የኦራንጉታን ዝንጀሮ ጣት ነው፤ ደሙም በኮምፒዩተሩ መጻፊያ ላይ ይንጠባጠባል። መልእክቱ ለቸኮሌቱ የሚውለው የፓልም ዘይት በኢንዶኔዥያ የኦራንጉታን መኖሪያ የሆነውን ደን ከሚመነጥሩ አቅራቢዎች እየተገዛ ነው የሚል ነበር። ኩባንያው ቪዲዮው ከዩቲዩብ እንዲነሳ ቢያስደርግም እርምጃው ይበልጥ እንዲታይ አደረገው። በሜይ ወር፣ ማለትም በሁለት ወር ውስጥ፣ ኔስሌ ከደን ምንጠራ ጋር የተያያዙ አቅራቢዎችን ከግዥ ሰንሰለቱ ለማስወጣት ቃል ገባ።

ሁለተኛው በኦገስት 2015 በኮስታሪካ ባሕር ላይ የተቀረጸው የባሕር ኤሊ ቪዲዮ ነው። የቀረጸችው በወቅቱ የዶክትሬት ተማሪ የነበረችው የባሕር ሥነ ሕይወት ተመራማሪ ክርስቲን ፊገነር ናት። ተመራማሪዎቹ በኤሊው አፍንጫ ውስጥ የተሰካ ነገር አይተው በቆንጠጫ ሲስቡ ደም እየፈሰሰ የፕላስቲክ መምጠጫ ቱቦ ወጣ። ሙሉው ቅጂ ስምንት ደቂቃ ያህል ቢሆንም በብዙ ተመልካቾች ኅሊና የቀሩት ቱቦው የሚወጣባቸው ጥቂት ሰከንዶች ናቸው። ቪዲዮው በፕላስቲክ ቱቦ ላይ የተነሣው ዘመቻ ዋና መቀስቀሻ ሆነ፤ በ2018 የሲያትል ከተማ በምግብ ቤቶች ቱቦ እንዳይቀርብ ከለከለ፤ ስታርባክስም ቱቦውን ለማስቀረት ዕቅዱን አስታወቀ፤ በ2019 የአውሮፓ ኅብረት ባወጣው የአንድ ጊዜ ፕላስቲኮች መመሪያም ቱቦ ከታገዱት ዕቃዎች አንዱ ሆነ።

ሦስተኛው በ2017 መጨረሻ ላይ ሲ ሌጋሲ የተባለው የባሕር ጥበቃ ድርጅት መሥራቾች፣ ፎቶግራፍ አንሺዎቹ ፖል ኒክለንና ክርስቲና ሚተርማየር፣ ያሠራጩት የዋልታ ድብ ቪዲዮ ነው። በካናዳ አርክቲክ የተቀረጸው ይህ ምስል አጥንቱ የወጣ ድብ እግሩን እየጎተተ ምግብ ሲፈልግ ያሳያል። ናሽናል ጂኦግራፊክ ቪዲዮውን ያወጣው የአየር ንብረት ለውጥ ገጽታ ይህን ይመስላል ከሚል መግለጫ ጋር ነበር። ተመልካቾቹ በቢሊዮን ተገመቱ። ሆኖም የዚያ የተለየ ድብ መራብ መንስኤ በሽታ፣ ጉዳት ወይም እርጅና ሊሆን እንደሚችል ተመራማሪዎች አመለከቱ። በ2018 ሚተርማየር ራሷ በዚያው መጽሔት ላይ የታሪኩ ትርጉም ከእጃቸው እንደወጣ ጻፈች፤ መጽሔቱም በአንድ ድብ ረሃብና በአየር ንብረት ለውጥ መካከል ያስቀመጠው ቀጥተኛ ግንኙነት ከማስረጃው ያለፈ እንደነበር አመነ። የአየር ንብረት ለውጥን የሚክዱ ወገኖች ይህን ስሕተት ጠቅላላው ሳይንስ ሐሰት ለመሆኑ ማስረጃ አድርገው አቀረቡት።

የንጽጽሩ ትምህርት

ሦስቱም ቪዲዮዎች የተመልካቹን ልብ ነክተዋል፤ በእይታ ብዛት ከተመዘኑ ሦስቱም ተሳክተዋል፤ በዚህ መለኪያ የበላይነቱን የሚይዘው እንዲያውም የድቡ ቪዲዮ ነው። ያመጡት ለውጥ ግን እንደ እይታው አልሆነም።

የኪትካቱ ቪዲዮ ጥያቄውን ያቀረበው በስም ለሚታወቅ አንድ አካል ነበር፤ የተጠየቀው ነገርም በኩባንያው ሥልጣን ሥር የሚገኝ፣ አዎን ወይም አይደለም ተብሎ የሚመለስ ውሳኔ ነው። ከቪዲዮው ጋር ማስረጃውን በዝርዝር የሚያቀርብ ሪፖርት አብሮ ወጥቷል። በስሜት የተነሣሣው ተመልካች ለኩባንያው ደብዳቤ መጻፍ ይችል ነበር፤ የተጠራጠረውም ሪፖርቱን ማንበብ ይችል ነበር። አጭሩ ቪዲዮ ብቻውን አልቆመም ማለት ነው። ቃል መግባት ደግሞ ቃልን መፈጸም አይደለም፤ በፓልም ዘይት ምክንያት የሚደርሰው የደን ምንጠራ ከዚያ በኋላም ለዓመታት መነጋገሪያ ሆኖ ቀጥሏል። ሆኖም ግልጽ ቃል ስለተገባ ድርጅቶችና ጋዜጠኞች ኩባንያውን በገባው ቃል መጠየቅ ችለዋል።

የኤሊው ቪዲዮ እውነተኛና በምስልነቱ የማይታበል ነው፤ ውጤትም አምጥቷል። ችግሩ የመጠን ነው። ለብዙ ውይይቶች መነሻ የሆነውና በ2015 የታተመው የጄና ጃምቤክና የባልደረቦቿ ጥናት በአንድ ዓመት ከየብስ ወደ ውቅያኖስ የሚገባውን ፕላስቲክ ከ4.8 እስከ 12.7 ሚሊዮን ቶን ገምቷል፤ የመምጠጫ ቱቦ ድርሻ ከዚህ እጅግ ጥቂቱ ነው። በሰሜን ፓስፊክ የሚንሳፈፈውን ትልቁን የፕላስቲክ ክምችት የመረመረ በ2018 የታተመ ጥናት ደግሞ ከክብደቱ 46 በመቶ ያህሉ የዓሣ ማጥመጃ መረብ መሆኑን አሳይቷል። መረብ ግን በካፌ ጠረጴዛ ላይ አይገኝም፤ ቱቦውን እምቢ ማለት የሚችለው ተጠቃሚ መረቡን እምቢ ማለት አይችልም። ቪዲዮው ለተመልካቹ ቀላል ተግባር ሰጠው፤ ያ ተግባር ግን ከችግሩ ትልቁን ክፍል ከዕይታ አራቀ። በዚህ መካከል ያለ ቱቦ መጠጣት የማይችሉ አካል ጉዳተኞች ክልከላው እነሱን እንዳላሰበ መናገር ነበረባቸው። ምስሉ ጥፋት የለበትም፤ ምስሉን ከመጠኑ ጋር የማያያዝ ኃላፊነት ዘመቻውን በሚመሩት ላይ የሚወድቅ ነው።

የድቡ ቪዲዮ ደግሞ በሁለቱም በኩል ጎደለ። የሚጠይቀው የታወቀ አካል አልነበረም፤ በምስሉና በመንስኤው መካከል ያለውን ርቀት የሚያስረዳ ቃልም አልነበረውም። የዋልታ ድቦች የሚያድኑበት የባሕር በረዶ በሙቀት መጨመር ምክንያት እየቀነሰ መሆኑ በብዙ ጥናት የተረጋገጠ ነው። እውነት የሆነው አጠቃላይ ግኝት ግን በአንድ እርግጠኛ ባልሆነ ምሳሌ ላይ እንዲቆም ተደረገ፤ ምሳሌው ሲናወጥም ግኝቱ የተናወጠ መሰለ። ለሳይንስ የቆመ ድርጅት ትልቁ ሀብቱ መታመን ነው፤ ይህ ሀብት በአንድ ቪዲዮ ሊጎድል ይችላል፤ በአንድ ቪዲዮ ግን አይተካም።

በኢትዮጵያ፦ ችግኝና እምቦጭ

ይህ ንጽጽር በኢትዮጵያ ለሚሠሩ ተቋማትና ማኅበራት ቀጥተኛ ትርጉም አለው። በአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ የቪዲዮ ይዘት ውስጥ ጎልተው ከሚታዩት ጉዳዮች ሁለቱ የችግኝ ተከላና የጣና ሐይቅ እምቦጭ ናቸው።

የአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር ሐምሌ 22 ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። ቁጥሩ በዓለም መገናኛ ብዙኃን ተሠራጭቷል። ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ መሥሪያ ቤቶች፣ ባንኮች፣ ትምህርት ቤቶችና የበጎ አድራጎት ማኅበራት የተከላ ቀናቸውን በአጭር ቪዲዮ ያጋራሉ። ይህ ብዙ ሰው ከአፈር ጋር እንዲገናኝና መትከል የጋራ ባህል እንዲሆን ማገዙ አይካድም። የደን ባለሙያ የሚጠይቀው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ ዝርያው ከቦታው ጋር ይስማማል? ጉድጓዱ አስቀድሞ ተዘጋጅቷል? ቦታው ከግጦሽ ተከልሏል? ከሁለት ክረምት በኋላ የጽድቀት መጠኑ ስንት ነው? ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱም በተከላው ቀን ቀረጻ ሊመለስ አይችልም። የተከላ ቪዲዮ በባሕርዩ የዓላማ መግለጫ ነው፤ ችግሩ የሚመጣው የዓላማ መግለጫው እንደ ውጤት ሪፖርት ሲቆጠር ነው።

የእምቦጭ ጉዳይ ደግሞ ካሜራው የት እንደሚቆም ማሰብ ለምን እንደሚያስፈልግ ያሳያል። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ይህ ተንሳፋፊ አረም በጣና ሐይቅ መታየቱ በይፋ የተመዘገበው በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ነው። በማኅበራዊ ሚዲያ ከተሠራጩት ምስሎች ብዙዎቹ አርሶ አደሮችና ወጣቶች እስከ ወገባቸው ውኃ ውስጥ ገብተው አረሙን በእጃቸው ሲነቅሉ ያሳያሉ። ምስሉ ኃይለኛ ነው፤ የሕዝብን ቁጭት ቀስቅሷል፤ ከአገር ውስጥና ከውጭ ድጋፍ እንዲሰበሰብም ረድቷል። ነገር ግን እምቦጭ በቅርንጫፉም በዘሩም ይራባል፤ ዘሩ በሐይቁ ደለል ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። አረሙን የሚመግበው ንጥረ ነገር ከተፋሰሱ የእርሻ መሬት ታጥቦ፣ ከከተማም ፍሳሽ ጋር ተቀላቅሎ የሚገባው ነው። ካሜራው በሐይቁ ዳር ሲቆም ችግሩ የጉልበት ማነስ ይመስላል፤ ወደ ተፋሰሱ ሲወጣ የመሬት አያያዝና የፍሳሽ አወጋገድ ጥያቄ መሆኑ ይገለጣል።

የቪክቶሪያ ሐይቅ ልምድ ይህን ያጠናክራል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ሐይቁን የወረረው እምቦጭ በ1990ዎቹ መጨረሻ በከፍተኛ መጠን የቀነሰ ሲሆን፣ በወቅቱ ከተከሰተው የአየር ጠባይ መዛባት ጋር ለመቀነሱ ምክንያት ተደርገው የሚጠቀሱት አረሙን ብቻ እንዲመገቡ ተመርጠው የተለቀቁ ጥቃቅን ጢንዚዛዎች ናቸው። ጥቂት ሚሊ ሜትር የምትረዝም ጢንዚዛ ቅጠል ስትበላ የሚያሳይ ቪዲዮ ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ የቆመ ወጣትን ከሚያሳይ ቪዲዮ ጋር በአልጎሪዝም ፊት አይወዳደርም። ለጣና የሚስማማው ዘዴ የትኛው ነው የሚለው በራሱ ጥናት የሚፈልግ ጉዳይ ነው። ለዚህ ክርክር የሚያስፈልገው ነጥብ ግን ግልጽ ነው፤ በምስል የሚማርከው መፍትሔና በሥራ የሚያዋጣው መፍትሔ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ድርጅቱ የመጀመሪያውን ብቻ ሲያሳይ የሕዝቡም የለጋሹም ግምት ወደዚያው ያዘነብላል፤ የሰው ጉልበትና ገንዘብም ይከተላል።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

ለዚህ አቋም ሁለት ጠንካራ ተቃውሞዎች አሉ። አንደኛው ሰው ካላየ አይጠይቅም፣ ካልጠየቀም ምንም አይለወጥም፤ ስለዚህ እይታ የሁሉ መጀመሪያ ነው የሚል ነው። ይህ እውነትነት አለው። የኪትካቱም ዘመቻ ያለ እይታ ባልተሳካ ነበር። ነገር ግን አንድ ነገር መጀመሪያ መሆኑ መድረሻ አያደርገውም። እይታ የግድ የሚያስፈልግ ቢሆንም ብቻውን በቂ አይደለም፤ በቂ ያልሆነውን ነገር ብቻ የሚለካ ድርጅት በጊዜ ብዛት ሥራውን ወደሚለካው ነገር ይስባል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከአቅም ጋር የተያያዘ ነው። ሁለትና ሦስት ሠራተኛ ያለው ማኅበር ከዓመት በኋላ ተመልሶ ለመቅረጽ፣ ሪፖርት ለማዘጋጀትና ጥያቄ ለመመለስ ገንዘብም ጊዜም የለውም ይባላል። ይህም ችላ የሚባል አይደለም። ሆኖም ተመልሶ መቅረጽ ውድ ሥራ ላይሆን ይችላል። በተከላው ቀን የተቀረጸው ቦታ ላይ፣ ከዚያው ማዕዘን፣ በዚያው ስልክ የሚቀረጽ የሃያ ሰከንድ ምስል ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ነገር ድፍረት ነው፤ ምክንያቱም ሁለተኛው ቪዲዮ የደረቀ ችግኝ ሊያሳይ ይችላል። ድርጅቶች ውድቀታቸውን ከማሳየት የሚቆጠቡት ለጋሽ ይሸሻል ብለው ነው። ይህ ሥጋት የለጋሾችንም አሠራር ይመለከታል፦ ለተከላ ቀን በጀት የሚሰጥ፣ ለክትትል ግን የማይሰጥ ለጋሽ የሚያገኘው ቪዲዮ የተከላ ቀን ቪዲዮ ብቻ ነው።

ምን ሊደረግ ይገባል?

በመጀመሪያ፣ እያንዳንዱ ቪዲዮ ከመቀረጹ በፊት ተመልካቹ ማን እንደሆነና ምን እንዲያደርግ እንደሚፈለግ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊጻፍ ይገባል። ለከተማ ወጣት፣ ለወረዳ አስተዳዳሪና ለአርሶ አደር የሚቀርበው ጥያቄ አንድ ሊሆን አይችልም። ብዙ አርሶ አደር በስልክ ቪዲዮ የማይደረስበት በሆነበት አካባቢ የማኅበረሰብ ሬዲዮና የቀበሌ ስብሰባ አሁንም ከሪልስ የተሻሉ መንገዶች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ቪዲዮም ቢሆን በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በአካባቢው ቋንቋ ሊዘጋጅ ይገባል።

ሁለተኛ፣ ቪዲዮዎች እንደ ተከታታይ ሥራ ሊታቀዱ ይገባል፤ መንስኤው በአንዱ፣ ሥራው በሌላው፣ ውጤቱ በሦስተኛው ሊቀርብ ይችላል። ለዚህ የሚሆን ርእስ በኢትዮጵያ አይጠፋም። በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ዙሪያ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና አሜሪካዊቷ የደን ሥነ ምህዳር ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ከካህናትና ከምእመናን ጋር የሠሩት የድንጋይ አጥር ሥራ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከማሳ የተለቀመ ድንጋይ መካብ ድምቀት የሌለው ሥራ ነው፤ ከብት ሳይገባ ሲቀር ግን ከአጥሩ ውስጥ የሚበቅለው ቡቃያ በዓመታት ልዩነት በሚቀረጹ ሁለት ምስሎች በግልጽ ሊታይ ይችላል። በዚህ ዓይነት ታሪክ ውስጥ ካሜራው የሚያከብረው ትዕግሥትን ነው።

ሦስተኛ፣ ምስሉ ከመጠኑና ከምንጩ ጋር ሊያያዝ ይገባል። ሠላሳ ሰከንድ ለአንድ ትክክለኛ ቁጥርና ለአንድ ጥንቃቄ ያለው ቃል አያንስም። «ይህ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው» በማለትና «ይህ ዓይነቱ ነገር በዚህ ምክንያት እየተደጋገመ ነው» በማለት መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ቃላት ነው፤ የድቡ ቪዲዮ የጎደለው እነዚያን ጥቂት ቃላት ነበር። በምስሉ ውስጥ የሚታዩት ሰዎችም ፈቃዳቸው ሊጠየቅ፣ የሚሉትም ሊሰማ ይገባል። እምቦጭ የሚነቅለው አርሶ አደር ስለ አረሙ የሚያውቀው ነገር ለሙዚቃ ማጀቢያ ሲባል ድምፁ ሊጠፋ አይገባውም።

አራተኛ፣ መለኪያው ሊለወጥ ይገባል። በዚህ ረገድ የድኅረ ምረቃ ተመራማሪዎች ድርሻ ከፍተኛ ነው። የእይታና የ«ላይክ» ቁጥርን ከገጾች ሰብስቦ መተንተን ቀላል በመሆኑ ጥናቶች ወደዚያ ያዘነብላሉ። የሚያስፈልገው ግን ከስልኩ ውጭ የሚወጣ ጥናት ነው፦ ቪዲዮውን ያዩ ሰዎች ከወራት በኋላ ምን ያስታውሳሉ? የችግሩን መንስኤ በትክክል ተረድተዋል ወይስ ምስሉን ብቻ ይዘዋል? በስፋት የታየ የተከላ ቦታና ምንም ያልታየ የተከላ ቦታ የጽድቀት መጠናቸው ይለያያል? የመጨረሻው ጥያቄ የኮሙኒኬሽንና የደን ሳይንስ ተማሪዎች አብረው ወደ አንድ ተዳፋት እንዲወጡ የሚጠይቅ ነው፤ እንዲህ ያለው ትብብር በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሊበረታታ ይገባል።

ማጠቃለያ

አጭር ቪዲዮ ለአካባቢ ጥበቃ ድርጅቶች የተሰጠ ጥሩ ዕድል ነው፤ ሊተዉትም አይገባም። ከዓሣ ነባሪው ፊልም እስከ ኪትካቱ ቪዲዮ የታየው ታሪክ አጭር ምስል የሚሠራው ከረጅም ሥራ ጋር ሲታሰር መሆኑን ነው። ከሥራው ሲፈታ ደግሞ ኤሊው ቱቦ ብቻ፣ ድቡ የክርክር መሣሪያ፣ ችግኙም የአንድ ቀን ማስታወሻ ሆኖ ይቀራል። በዚህ ክረምት ችግኝ ተክለው የቀረጹ ማኅበራት የቦታውን ስምና ቀኑን መዝግበው በመጪው ዓመት በዚያው ወር ወደዚያው ቦታ ቢመለሱና ያገኙትን፣ የጸደቀውንም የደረቀውንም፣ ቢያሳዩ ተመልካቹ ከብዙ የተከላ ቀን ቪዲዮዎች ያላገኘውን ነገር ያገኛል። ሥራው የት እንደደረሰና ለቀጣዩ ምን እንደሚጎድል ያውቃል።